በአንድ ሰርቨር ላይ ለብዙ ዴቨሎፐር፦ የሬዲስ ካሽ አተካከል

እህሉ ጎተራ ውስጥ ነው፤ የዛሬው እንጀራ ግን ሌማት ላይ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጎተራ ከፍቶ፣ አስፈጭቶ፣ አቡክቶ የሚያቀርብ ቤት የለም። ካሽም ለዳታቤዝ ይኸው ነው፤ አንዴ የተዘጋጀ መልስ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥና ቀጣዩ ጠያቂ ከዚያ ይነሣለታል። በራስ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ መትከሉ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ አምስት ስድስት ዴቨሎፐሮች አንድ ሰርቨር ተጋርተው ሲሠሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ «ካሹን ላጽዳ» ብሎ የሚሰጣት አንዲት ትእዛዝ የሁሉንም ሌማት ባዶ ታደርጋለች፤ የአንዱ ያልተገደበ ዳታ የሌላውን ገፍቶ ያስወጣል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከፍጥነቱ ይልቅ ወሰኑን ይዘረዝራል፦ ለማን ምን ያህል ሚሞሪ፣ ለማን የትኛው ቁልፍ (ዳታው የሚቀመጥበትና የሚጠራበት ስም)፣ ለማን የትኛው ትእዛዝ።

ሬዲስ ዳታን ሚሞሪ ላይ አስቀምጦ በፍጥነት የሚመልስ ፕሮግራም ነው፤ የምንጠቀመው ኡቡንቱ 24.04 በፓኬጅ የሚያቀርበውን ሬዲስ 7.0 ነው። ለምሳሌ የያዝነው ማሽን 8 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው። ዳታቤዙና ሁለት ፕሮጀክቶች እላዩ ላይ ይሠራሉ፤ አንዱ የቡሬን፣ የመራዊንና የፍኖተ ሰላምን የእህል ዋጋ የሚያሳይ ነው፣ «ገበያ» እንበለው፤ ሌላው የጣና ጀልባ ትኬት የሚቆርጥ ነው፣ እሱን «ጀልባ» እንበለው። ትእዛዞችንና የኮንፊግ ቃላትን እዚህ በድምፃቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ኪቦርድ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደላቸው ትጽፏቸዋላችሁ።

ከሁሉ በፊት፦ ምን ይገባበታል?

ካሽ ውስጥ መግባት ያለበት ቢጠፋ የማያስለቅስ ነገር ብቻ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ዳታ አሁን ቢጠፋ ከዳታቤዝ እንደገና ማምጣት ይቻላል? የእህል ዋጋ ዝርዝር ይቻላል፤ የወረዳዎች ስም ይቻላል። ገና ያልተላከ የኤስኤምኤስ ወረፋ ግን አይቻልም። ወረፋን ከካሽ ጋር አንድ ሬዲስ ውስጥ መክተት በጋራ ሰርቨር ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው፤ ካሹ ሲሞላ ሬዲስ ቦታ ለማግኘት አሮጌ ቁልፎችን ያስወጣል፣ ከሚወጡት ውስጥ ወረፋው ሊኖርበት ይችላል። መውጫውን ወደ ኋላ ላይ እንነግራችኋለን።

ቀጥሎ ሚሞሪውን ለኩ። «ፍሪ -ኤች» ብላችሁ ስታዩ «ፍሪ» በሚለው ዓምድ አትደንግጡ፤ ሊኑክስ ባዶ ሚሞሪን ለፋይል ማቆያ ስለሚጠቀምበት ቁጥሩ ሁልጊዜ ትንሽ ነው። የሚታመነው «አቬይለብል» የሚለው ነው። ሰዉ ሁሉ በሥራ ላይ ባለበት ሰዓት፣ ረፋድ ላይ፣ ለኩት። እዚያ 2 ጊጋባይት ካገኛችሁ ለካሹ 512 ሜጋባይት ስጡት፣ ከዚያ በላይ አትሂዱ። ለልማት ሥራ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

መጫን

«ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ከዚያ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሬዲስ-ሰርቨር»። ሲያልቅ «ሬዲስ-ክላይ ፒንግ» በሉ፤ «ፖንግ» ካለ ሕይወት አለው። ማሽኑ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አብሮ እንዲነሣ «ሲስተምሲቲኤል ኢዝ-ኢነብልድ ሬዲስ-ሰርቨር» ብላችሁ አረጋግጡ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሬዲስ ፈቃድ ሲለወጥ «ቫልኪ» የሚባል ነፃ ቅርንጫፍ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ተጀምሯል። ቫልኪን ከመረጣችሁ እዚህ ያለው ሁሉ ይሠራል ማለት ይቻላል፤ የሚለወጠው የፋይሎቹና የሰርቪሱ ስም ነው።

የኮንፊግ ፋይሉ

ፋይሉ «ኢቲሲ» ውስጥ «ሬዲስ» በሚለው ማኅደር ውስጥ ነው። ሳትነኩት ኮፒ አስቀምጡ። ከዚያ ሰርቪሱን በ«ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ» አቁሙት፤ እየሠራ ሳለ አታርሙት፣ ምክንያቱን ከታች ታያላችሁ።

«ባይንድ» የሚለው መስመር 127.0.0.1 እንደሆነ ይቆይ። ከላፕቶፑ መገናኘት ያቃተው ሰው ይህን 0.0.0.0 አድርጎ፣ «ፕሮቴክትድ-ሞድ»ንም ዘግቶ፣ «አሁን ሠራ» ይላል። አዎ፣ ይሠራል፤ ኔትወርኩ ላይ ላለ ለማንም ጭምር ይሠራል። ከ7.0 በፊት በነበሩት ስሪቶች ሬዲስ በክፍት ሲገኝ አጥቂ የዳታ ፋይሉን ማስቀመጫ በትእዛዝ ቀይሮ የራሱን የኤስኤስኤች ቁልፍ ሰርቨሩ ላይ መጻፍ ይችል ነበር፤ 7.0 ይህን ለውጥ በነባሪ ይከለክላል፣ ዳታውን ማንበብና ማጥፋት ግን ለማንም ክፍት ነው። ለላፕቶፕ ግንኙነት ሌላ መንገድ አለ፣ እንመጣበታለን።

«ማክስሜሞሪ 512ኤምቢ» ብላችሁ ጻፉ። በ64 ቢት ማሽን ላይ ይህ መስመር ካልተጻፈ ገደብ የለም፤ ሬዲስ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ማሽኑ ሲጨነቅ ሊኑክስ የሚገድለው ፕሮግራም ደግሞ ሬዲስ ላይሆን ይችላል፤ አጠገቡ ያለው ዳታቤዝ ሊሆን ይችላል። ልብ በሉ፣ «512ኤም» እና «512ኤምቢ» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው በ1000 እየተባዛ 512,000,000 ባይት፣ ሁለተኛው በ1024 እየተባዛ 536,870,912 ባይት ነው።

«ማክስሜሞሪ-ፖሊሲ» ሲሞላ ምን ይሁን የሚለውን ይወስናል። ሳይነካ ሲቀር «ኖኢቪክሽን» ነው፣ ሲሞላ አዲስ ጽሑፍ አልቀበልም ይላል። ለጋራ ካሽ የሚሻለው «ኦልኪስ-ኤልአርዩ» ነው፤ ለረጅም ጊዜ ያልተነካውን እያስወጣ ለአዲሱ ቦታ ይሰጣል። «ቮላታይል-ኤልአርዩ»ን የሚመርጡ አሉ፤ ይህ የሚያስወጣው ዕድሜ የተቆረጠላቸውን፣ ማለትም ከስንት ሰከንድ በኋላ እንዲጠፉ የተወሰነላቸውን ቁልፎች ብቻ ነው። ብዙ ሰው በሚጽፍበት ቦታ አንድ ሰው ዕድሜ መቁረጥ መርሳቱ አይቀርም፣ የረሳቸው ቁልፎችም ተከማችተው ሌሎቹን ያፍናሉ። ስለዚህ አንመክረውም።

ዲስክ ላይ ማስቀመጥን ዝጉ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ካሹ ባዶ ሆኖ ቢነሣ ምንም አልጎደለም፣ እየተጠየቀ ይሞላል። የሚጽፉት መስመር «ሴቭ» ተብሎ ባዶ የጥቅስ ምልክት የሚከተለው ነው። ያሉትን የ«ሴቭ» መስመሮች በመሰላል ምልክት መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ሬዲስ ምንም የ«ሴቭ» መስመር ካላገኘ የራሱን ነባሪ ይጠቀማል፣ ማስቀመጡንም ይቀጥላል። «አፔንድኦንሊ» ደግሞ «ኖ» ይሁን።

ሰርቪሱን አስቀድመን ያቆምነው ለዚህ ነው። «ሴቭ» ባልተዘጋበት ሁኔታ ሲቆም የያዘውን ዲስክ ላይ ጽፎ ነው የሚቆመው፤ ሲነሣ ደግሞ «ሴቭ» ተዘጋም አልተዘጋ ያንን ፋይል ካገኘ ያነበዋል። «ባዶ አድርጌው ሳለ የድሮ ዳታ ከየት መጣ?» የሚያሰኘው ይህ ነው። ስለዚህ «ቫር»፣ «ሊብ»፣ «ሬዲስ» ማኅደር ውስጥ ያለውን «ደምፕ» የሚባል የ«አርዲቢ» ፋይል አጥፉና ከዚያ አስነሡት።

ተጠቃሚዎችና መብት

መራዊ አካባቢ ቆጋ ላይ እንዳሉት የመስኖ ቦታዎች ሁሉ፣ የጋራ ውኃ የውኃ አባት ይፈልጋል፤ ቦዩን የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው፣ ሌላው በተራው በማሳው ላይ ያጠጣል። የጋራ ሬዲስም እንዲሁ አንድ ኃላፊ ይኑረው፣ ሌላው በራሱ ቁልፎች ላይ ብቻ ይሥራ። ከ6.0 ጀምሮ ሬዲስ ይህን የሚያስችል የመብት ዝርዝር አለው።

መጀመሪያ ባዶ የመብት ፋይል በኮንፊጉ ማኅደር ውስጥ ፍጠሩ፣ ባለቤቱን «ሬዲስ» የሚባለው የሲስተም ተጠቃሚ አድርጉት፣ ከዚያ ኮንፊጉ ውስጥ በ«ኤሲኤልፋይል» መስመር አመልክቱት። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ የተጠቆመው ፋይል ከሌለ ሬዲስ አልነሣም ይላል።

ካስነሣችሁት በኋላ «ኤሲኤል ጄንፓስ» ብትሉ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው የይለፍ ቃል ያወጣላችኋል። በቅድሚያ የኃላፊውን ተጠቃሚ በሙሉ መብት ፍጠሩና በእሱ ገብታችሁ ሞክሩት። ከዚያ የገበያ ፕሮጀክትን ፍጠሩ። መስመሩ በቃል ሲነበብ እንዲህ ነው፦ «ኤሲኤል ሴትዩዘር ገበያ ኦን»፤ ከዚያ የይለፍ ቃሉ ከፊቱ የመብለጥ ምልክት ይዞ፤ ከዚያ «~ገበያ:*»፣ በገበያ የሚጀምሩ ቁልፎችን ብቻ ማለት ነው፤ ከዚያ «&ገበያ:*»፣ በገበያ የሚጀምሩ የመልእክት ቻናሎችን ብቻ ማለት ነው፤ በመጨረሻ «+@ኦል -@ዴንጀረስ +ኢንፎ»። ለጀልባም ስሙን ቀይራችሁ ድገሙት።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃላት በጥንቃቄ ተመልከቱ። «ዴንጀረስ» የሚባለው ክፍል ሁሉን የሚያጠፉትን «ፍላሽኦል»ንና «ፍላሽዲቢ»ን፣ ሁሉን ቁልፍ አንድ በአንድ ሲያይ ሰርቨሩን የሚያቆመውን «ኪስ»ን፣ የሌላውን ትራፊክ የሚያሳየውን «ሞኒተር»ን፣ ኮንፊግ የሚለውጠውንም ያካትታል። ነገር ግን «ኢንፎ»ም እዚያው ክፍል ውስጥ ስላለ፣ ሲገናኙ «ኢንፎ» የሚጠይቁ ላይብረሪዎች ከመግቢያው ላይ ይወድቃሉ። ለዚህ ነው መልሰን የጨመርነው። የ«&» ምልክቷም እንዲሁ አትዘለል፤ ከ7.0 ጀምሮ አዲስ ተጠቃሚ ምንም የመልእክት ቻናል አይፈቀድለትም።

ሁሉም ከሠራ በኋላ ብቻ «ዲፎልት» የሚባለውን ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ተጠቃሚ «ኦፍ» አድርጉት። ኃላፊውን ሳትፈጥሩ ይህን ብታስቀድሙ በራሳችሁ ላይ በር ዘጋችሁ ማለት ነው፤ ያኔ መውጫው የመብት ፋይሉን በ«ሱዶ» አርሞ ሰርቪሱን እንደገና ማስነሣት ነው። በመጨረሻ «ኤሲኤል ሴቭ»። ይህ ካልተባለ የሠራችሁት ሁሉ ሚሞሪ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

አሁን በገበያ ስም ግቡና ፈትኑ። የይለፍ ቃሉን ትእዛዙ መስመር ላይ አትጻፉት፤ ማሽኑን የሚጋራ ሌላ ሰው የሂደቶችን ዝርዝር ሲያይ ሊያነበው ይችላል። «--ዩዘር ገበያ --አስክፓስ» ካላችሁ ለብቻው ይጠይቃችኋል። «ሴት ገበያ:ሙከራ 1 ኢኤክስ 60» ስትሉ «ኦኬ» ማለት አለበት። «ሴት ጀልባ:ሙከራ 1» እና «ፍላሽኦል» ስትሉ ሁለቱም «ኖፐርም» ማለት አለባቸው። ካላሉ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

አንድ ነገር በግልጽ ይታወቅ፦ ይህ የመብት ዝርዝር የሌላውን ይዘት ይከለክላል እንጂ የቁልፎቹን ስም አይደብቅም፤ «ስካን» የሁሉንም ስም ያሳያል። ስለዚህ ስልክ ቁጥር ወይም የሕመምተኛ ስም ቁልፍ ውስጥ አታስገቡ። ከ0 እስከ 15 ያሉት 16 ዳታቤዞችም እንደ አጥር አይቆጠሩ፤ በቁጥር ይለያዩ እንጂ ሚሞሪው አንድ ነው፣ ገደቡም አንድ ነው።

ከላፕቶፕ መገናኘት

«ኤስኤስኤች -ኤል 7379:127.0.0.1:6379» ብላችሁ የሰርቨሩን አድራሻ ጨምሩ። የላፕቶፑ 7379 ፖርት የሰርቨሩ 6379 ይሆናል፣ ሰርቨሩም ለውጭ አይከፈትም። በላፕቶፑ በኩል 6379ን ያልተጠቀምነው በምክንያት ነው፤ ብዙ ሰው በራሱ ማሽን ላይም ሬዲስ አለው፣ የጋራው ላይ የጻፈ መስሎት ሙሉ ቀን የራሱን ሲያነብ ይውላል።

ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ መስመሩ ይሞታል። ፕሮግራሙ ካሹን ለማግኘት ከ200 ሚሊሰከንድ በላይ እንዳይጠብቅ አድርጉ፣ ካላገኘ ወደ ዳታቤዙ ይሂድ። ካሽ ሲጠፋ አብሮ የሚወድቅ ፕሮግራም ካሽን እንደ ዳታቤዝ እየተጠቀመበት ነው።

የቁልፍ ስም አወጣጥ

በላራቬል የሚሠሩ ሰዎች እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ላራቬል የቁልፍ መነሻውን ከፕሮጀክቱ ስም ይወስዳል፤ ስሙ ሳይለወጥ ሁለት ፕሮጀክት ከተጀመረ ሁለቱም በ«ላራቬል» የሚጀምር ቁልፍ ይጽፋሉ፣ አንዱ የሌላውን ያነባል። «ሬዲስ ፕሪፊክስ» የሚለውን በግልጽ «ገበያ:» አድርጉት። በጃንጎ «ኪ ፕሪፊክስ» ባዶ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ «ገበያ» ስትሉት ቁልፉ «ገበያ:1:» ብሎ ይጀምራል፣ ከመብቱ ጋርም ይገጥማል። የሁለቱም ካሽ ማጽጃ ግን መነሻውን አይመለከትም፤ ከሥር «ፍላሽዲቢ» ነው የሚልከው። እኛ ስለከለከልነው «ኖፐርም» ይላል፣ ማለቱም ልክ ነው።

የራስን ብቻ ለማጽዳት ቁልፉ ውስጥ የስሪት ቁጥር አስገቡ፤ «ገበያ:ስ1:» የነበረውን «ገበያ:ስ2:» ማድረግ ብቻ ይበቃል፣ አሮጌው በዕድሜው ይሞታል። ወይም በ«--ስካን --ፓተርን» ዘርዝራችሁ ወደ «አንሊንክ» አስተላልፉ። «አንሊንክ» ከ«ዴል» የሚለየው ሚሞሪውን ከጀርባ ስለሚያስለቅቅ ሌላውን ሰው አለማቆሙ ነው።

የእኛ ፊደል እዚህ ላይ የራሱ ጣጣ አለው፤ በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ስለማይነግራችሁ ዘርዘር አድርገን እናየዋለን። አንዱ ተጠቃሚ መፈለጊያው ላይ «ባሕር ዳር» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ባህር ዳር»፣ ሦስተኛው «ባኅር ዳር»። ለሰው አንድ ከተማ ነው፤ ለሬዲስ ሦስት ቁልፍ ነው። ያው ዝርዝር ሦስት ቦታ ይቀመጣል፣ ዋጋው ሲለወጥ አንዱ ቁልፍ ብቻ ይታደስና ሁለቱ የትናንቱን ዋጋ ማሳየት ይቀጥላሉ። «ፍኖተ ሰላም» እና «ፍኖተ ሠላም»ም እንዲሁ። የተለመደው የዩኒኮድ ማስተካከያ ይህን አይፈታም፤ ለእሱ ሕ እና ህ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የራሳችሁን ሰንጠረዥ ሥሩ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ሁሉም ከነእርባታቸው። ይህን ለቁልፉ ብቻ አድርጉት፤ ይዘቱ ውስጥ ያለው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ።

ክፍት ቦታውንም በሰረዝ ተኩት። «ደብረ ማርቆስ» ቁልፍ ውስጥ እንዳለ ከገባ፣ ከላይ ያልነው የማጽጃ መስመር ለሁለት ይከፍለውና «ደብረ» እና «ማርቆስ» የሚባሉ የሌሉ ቁልፎችን ያጠፋል፣ እውነተኛው ሳይነካ ይቀራል። የግዕዝ ፊደል አንዱ 3 ባይት እንደሚይዝም አስቡ፤ «ባሕር-ዳር» ብቻ 16 ባይት ነው። መቶ ሺህ ቁልፍ ካላችሁ ከረጅም የአማርኛ ስም ይልቅ አጭር ኮድ ይሻላል። በ«ሬዲስ-ክላይ» ስታዩት ደግሞ ፊደሉ የማይነበብ የቁጥርና የሰረዝ ድብልቅ ሆኖ ይመጣል፤ ዳታው አልተበላሸም፣ «--ሮው» ብላችሁ ክፈቱት።

ዕድሜ መቁረጥ

ለእህል ዋጋ 300 ሰከንድ፣ ለወረዳ ዝርዝር 86,400 ሰከንድ በቂ ነው። ሁሉም ቁልፍ በአንድ ቅጽበት እንዳይሞትና ዳታቤዙ ላይ ሰልፍ እንዳይፈጠር ከ0 እስከ 60 ሰከንድ በዕጣ ጨምሩበት።

ቁልፉን በ«ኢኤክስ 300» ከጻፋችሁ በኋላ ይዘቱን በተራ «ሴት» ብታድሱት ዕድሜው ይሰረዛል፣ ቁልፉም የማይሞት ይሆናል። ወይ «ኢኤክስ»ን ድገሙ ወይ «ኪፕቲቲኤል» ጨምሩ። «ቲቲኤል» ብላችሁ -1 ካያችሁ ዕድሜ የለውም፣ -2 ከሆነ ቁልፉ ራሱ የለም።

«እስከ ቀኑ መጨረሻ» የሚል ዕድሜ ስትቆርጡም የሰርቨሩን ሰዓት እዩ። ሰርቨሩ በዩቲሲ ከሆነ የእሱ እኩለ ሌሊት የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።

ወረፋውን መለየት

ሬዲስ ለአንድ ተጠቃሚ የሚሰፍረው የሚሞሪ ኮታ የለውም። ስለዚህ ወረፋ ያለው ወይም ብዙ የሚጽፍ ፕሮጀክት የራሱን ሬዲስ ይያዝ። የኡቡንቱ ፓኬጅ ለዚህ የተዘጋጀ የሰርቪስ ቅርጽ አለው። ኮንፊጉን «ሬዲስ-ወረፋ» በሚል ስም ኮፒ አድርጉ፣ ፖርቱን 6380 አድርጉ፤ የፒድ ፋይሉን፣ የሎግ ፋይሉን፣ የመብት ፋይሉንና የዳታ ማኅደሩን ለየብቻ ስጡት። የዳታ ማኅደሩን ከረሳችሁ ሁለቱ ሬዲሶች አንድ ፋይል ላይ ይጻጻፋሉ። ከዚያ «ሬዲስ-ሰርቨር@ወረፋ» ብላችሁ አስነሡት።

የእዚህኛው ሕግ ተቃራኒ ነው፦ ፖሊሲው «ኖኢቪክሽን»፣ «አፔንድኦንሊ የስ»፣ «አፔንድኤፍሲንክ ኤቭሪሰክ»። መብራት ድንገት ቢጠፋ የሚጠፋው የአንድ ሰከንድ ያህል ጽሑፍ ነው። ዲስክ ላይ ስለሚጽፍም ከርነሉ ላይ «ቪኤም ኦቨርኮሚት ሜሞሪ»ን 1 አድርጉ፤ አለዚያ ሚሞሪ ሲጠብ ማስቀመጡ ሊከሽፍ ይችላል።

ሲበላሽ

«ሚስኮንፍ» ካለ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ አቅቶት መጻፍ አቁሟል፤ በጋራ ማሽን ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት የሞላ ዲስክ ነው። «ዲኤፍ -ኤች» ብላችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የማንም ያልሆነ የሎግ ፋይል አብጦ ታገኛላችሁ። ካሹ ላይ ይህ ስሕተት ከመጣ ደግሞ የ«ሴቭ» መስመሩ በትክክል አልተዘጋም።

«ኦኦኤም» ካለ ገደቡ ሞልቷል፣ ፖሊሲውም አያስወጣም። ወረፋው ላይ ከሆነ ሥራውን የሚያነሣው ፕሮግራም ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሚሞሪ ከመጨመራችሁ በፊት እሱን አስነሡ።

«ሮንግታይፕ» ካለ ሁለት ሰው አንድ ቁልፍን በተለያየ ዓይነት እየተጠቀመበት ነው፤ አንዱ ጽሑፍ፣ ሌላው ዝርዝር። «ኖፐርም» ሲደጋገም ኃላፊው «ኤሲኤል ሎግ» ይበል፤ ማን፣ በየትኛው ትእዛዝ፣ በየትኛው ቁልፍ እንደተከለከለ ይናገራል።

ማሽኑ ሁሉ ከቀዘቀዘ «--ቢግኪስ» ትልልቆቹን ቁልፎች ያወጣላችኋል። የአንድን ቁልፍ ክብደት ለማወቅ «ሜሞሪ ዩሴጅ» አለ።

መከታተል

«ኢንፎ ስታትስ» ውስጥ «ኪስፔስ ሂትስ»ን ለ«ሂትስ»ና «ሚስስ» ድምር አካፍሉ። ለምሳሌ 9,000 ተገኝቶ 1,000 ካልተገኘ ከመቶ 90 ነው፣ ጥሩ ነው። ግማሽ ካልሞላ ዕድሜው አጥሯል ወይም ቁልፉ በየጥያቄው ይለያያል፤ የሀ እና የሐ ጉዳይን መጀመሪያ ጠርጥሩ። «ኢቪክትድ ኪስ» በየሰዓቱ የሚጨምር ከሆነ 512 ሜጋባይቱ አይበቃም ወይም አንድ ፕሮጀክት ከድርሻው በላይ ወስዷል። ገደቡን ከማሳደጋችሁ በፊት በመነሻ ስማቸው ቁልፎቹን ቁጠሩ።

እነዚህ ቁጥሮች ሰርቪሱ ሲነሣ ከዜሮ ይጀምራሉ፣ ካሹም ያኔ ባዶ ነው። ስለዚህ መብራት በጠፋበት ቀን የሚታየው ዝቅተኛ ቁጥር ምንም አይናገርም። ኃላፊው በማግስቱ ጠዋት «ኮንፊግ ሪሴትስታት» ይበልና ሙሉ የሥራ ቀን ካለፈ በኋላ ያንብበው።